ድር ሳያብር ሲቀር፦ ጥቂቱ ጦር ብዙውን ጥምረት ስለሚያሸንፍበት ምክንያት

ክቡራትና ክቡራን፤

የዛሬው ንግግሬ የሚነሣው ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ከምናውቀው ተረት ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን። ይህን ተረት ብዙ ጊዜ የምንጠቅሰው የብዙዎችን ኃይል ለማወደስ ነው፤ ልብ ብለን ከሰማነው ግን ስለ ድሩ ብዛት የሚናገረው አንዳች ነገር የለም። ቁም ነገሩ ያለው «ቢያብር» በምትለው ቃል ላይ ነው። ዛሬ ለማስረዳት የምሞክረውም ብዙ መንግሥታት ተባብረው ያዘመቱትን ሠራዊት በቁጥር ያነሰው ወገን አንዳንድ ጊዜ ለምን እንደሚያሸንፈው ነው። መልሴን አስቀድሜ ልናገርና የቀረውን ጊዜ ለማስረጃው ላውል። የጥምር ጦር ብዛት በወረቀት ላይ ተደምሮ የሚታይ ብዛት ነው፤ ጦርነት ግን የሚወሰነው በአንድ ቀን፣ በአንድ ሜዳ ላይ በተገኘው ሰው ነው። ጥቂቱ ወገን የሚኖረው በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ባለው ልዩነት ነው።

ይህ ርእስ በተነሣ ቁጥር የብዙዎቻችን ሐሳብ ወደ ዓድዋ ይሄዳል፤ ይሁን እንጂ ዓድዋ የጥቂቶች ድል ምሳሌ አይደለም። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በቁጥር የሚበልጠው የእኛ ወገን ነበር፤ የጄኔራል ባራቲየሪ ጦር 17 ሺህ 700 ያህል ሲሆን፣ የዐፄ ምኒልክ ሠራዊት በአብዛኛው ግምት ወደ 100 ሺህ ይጠጋ ነበር። ዓድዋን ለነገራችን ጠቃሚ የሚያደርገው ሌላ ነው። የዘመተው ሠራዊት ራሱ የብዙ ጌቶች ጦር ስብስብ ነበር፤ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የጎጃም ጦር፣ የራስ መኮንን የሐረር ጦር፣ የራስ ሚካኤል የወሎ ፈረሰኛ፣ የራስ መንገሻ ዮሐንስና የራስ አሉላ የትግራይ ጦር፣ እያንዳንዱ በየአለቃው ሥር ተሰልፏል። ጣልያኖች ቀደም ሲል ከትግራይ መኳንንት ጋር በተናጠል ሲዋዋሉ የነበረው ይህን የመሰለ ኅብረት እንዳይፈጠር ነበር። ስንቁም እያለቀ ስለ ነበር ሠራዊቱ በዚያ ስፍራ ብዙ ሊቆይ አይችልም ነበር። ሆኖም ኅብረቱ እስከ ውጊያው ቀን ድረስ ጸና፤ በዚያ ሌሊት የተበታተነው ትንሹ ጦር ሆነ። የአልቤርቶኔ ብርጌድ በካርታ ስሕተት ከጓደኞቹ ርቆ ሄዶ ለብቻው ተመታ፤ ከዚያ የአሪሞንዲ፣ ከዚያም የዳቦርሚዳ ተራ ደረሰ። ብዙው ሲያብርና ትንሹ ሲበተን የሚሆነው ይህ ነው። የዛሬው ጉዳዬ የዚህ ግልባጭ ነው።

ምሳሌዬን የማመጣው ከ1756 እስከ 1763 በአውሮፓ ከተካሄደው ከሰባቱ ዓመታት ጦርነት ነው፤ ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ቀናትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የፕሩሺያው ንጉሥ ዳግማዊ ፍሬድሪክ በ1740 ሲሌዥያ የተባለውን ሀብታም ግዛት ከኦስትሪያዋ ገዥ ከማሪያ ቴሬዛ ነጥቆ ወስዶ ነበር። ማሪያ ቴሬዛ ይህን አልረሳችም። ሜይ 1 ቀን 1756 በቬርሳይ በተፈረመው ውል ከ200 ዓመታት በላይ ሲዋጉ የኖሩት ኦስትሪያና ፈረንሳይ ወዳጆች ሆኑ፤ የሩሲያዋ እቴጌ ኤልሳቤጥ ተከተለች፤ ስዊድንና ከጀርመን ትናንሽ መንግሥታት አብዛኞቹም ተጨመሩ። በፍሬድሪክ በኩል የቆሙት ብሪታንያ፣ ሃኖቨርና ጥቂት ትናንሽ የጀርመን ግዛቶች ብቻ ነበሩ። ፈረንሳይ ብቻዋን ከ20 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ነበራት፤ የፍሬድሪክ ሕዝብ ከ4 ሚሊዮን ብዙም አይበልጥም፤ ሠራዊቱ 150 ሺህ ገደማ ነበር። በመደመርና በመቀነስ ቢሆን ኖሮ ፕሩሺያ ሁለት በጋ ባልቆየች ነበር።

እዚህ ላይ ፍሬድሪክን እንደ ንጹሕ ተበዳይ አድርጌ ማቅረብ እንደማልፈልግ ልናገር ይገባል። ኦገስት 29 ቀን 1756 ጦርነት ሳያውጅ ጎረቤቱን ሳክሶኒን የወረረው እርሱ ነው፤ የማረከውን የሳክሶኒ ጦር በግዴታ የራሱን የደንብ ልብስ አልብሶ አሰልፏል፤ አገሪቱንም እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ በግብር አራቁቷል። አይሸነፍም ብሎ ማሰብም ስሕተት ነው። ጁን 18 ቀን 1757 በኮሊን የኦስትሪያውን ማርሻል ዳውንን ከፍ ባለ ቦታ ላይ ተሰልፎ ሳለ በግትርነት አጠቃና ከሠራዊቱ ሲሶውን የሚበልጥ ሰው አጣ። በዚያ ዓመት መከር ላይ ነገሩ ሁሉ የመጨረሻ ይመስል ነበር፤ ሩሲያውያን ምሥራቅ ፕሩሺያ ገብተዋል፣ ስዊድናውያን በሰሜን አሉ፣ ፈረንሳውያን በምዕራብ እየገፉ ነው፣ ኦስትሪያውያን ሲሌዥያን መልሰው እየያዙ ነው፤ በኦክቶበር ደግሞ የኦስትሪያው ጄኔራል ሃዲክ በፈረሰኛ ተወርውሮ በርሊን ገብቶ ካሳ ተቀብሎ ወጥቷል።

ከዚህ በኋላ የመጡት 30 ቀናት የጉዳዬ እምብርት ናቸው፤ ስለዚህ ጥቂት ልቆይባቸው።

ኖቬምበር 5 ቀን 1757 ሮስባኽ በምትባል መንደር አጠገብ ፍሬድሪክ 22 ሺህ ሰው ይዞ 41 ሺህ ከሚሆን የፈረንሳይና የጀርመን መንግሥታት ጥምር ጦር ጋር ተገናኘ። ያ ጦር ሁለት አዛዦች ነበሩት። የፈረንሳዩ ልዑል ሱቢዝ የሚታዘዘው ለቬርሳይ ቤተ መንግሥት ነው፤ የጀርመኑ ልዑል ሂልድቡርግሃውዘን ደግሞ ለቪየና ንጉሠ ነገሥት። አንደኛው መዋጋት ሲፈልግ ሌላው መጠበቅ ይፈልጋል። በጀርመኑ ወገን ያሉት ክፍሎች ከብዙ ትናንሽ ግዛቶች እየተዋጡ የመጡ ስለ ነበሩ አንድ ላይ ሠልጥነው አያውቁም፤ ጠመንጃቸውና ሥርዓታቸው እንኳ ይለያያል፤ ከመካከላቸውም ከፈረንሳይ ይልቅ ፕሩሺያን የሚወዱ ብዙዎች ነበሩ። በዚያ ቀን ሁለቱ አዛዦች የፍሬድሪክን ጦር በግራ ጎኑ ዞረው ለመምታት ተስማሙና በረጅም ሰልፍ መጓዝ ጀመሩ። ፍሬድሪክ ድንኳኑን ሲነቅል ባዩ ጊዜ የሸሸ መሰላቸው። እርሱ ግን ከኮረብታ ጀርባ ተከልሎ ከእነርሱ ጎን ለጎን ይገሠግሥ ነበር። የ36 ዓመቱ ጄኔራል ዛይድሊትዝ 38 የፈረሰኛ ክፍሎችን ይዞ ከኮረብታው ላይ ሲወርድባቸው ገና በጉዞ ሰልፍ ላይ ነበሩ፤ እግረኛው ሊሰለፍ ሲሞክር ደግሞ መድፉና ጥቂት የፕሩሺያ ሻለቆች ደረሱበት። ሁሉም ነገር ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ አለቀ። ጥምር ጦሩ ምርኮኛውን ጨምሮ ወደ 10 ሺህ ሰው ሲያጣ፣ ፕሩሺያ የሞተና የቆሰለባት 550 ያህል ብቻ ነበር።

ስለ ሮስባኽ ሲወራ የዛይድሊትዝ ፈረሰኞች ጀግንነት ይነሣል፤ ጀግንነቱም እውነት ነው። በእኔ ግምት ግን የዚያን ቀን ውጤት ከፈረሰኛው ሰይፍ ይልቅ የወሰነው ከጥይቱ በፊት በሁለቱ አዛዦች ድንኳን ውስጥ የነበረው ክርክር ነው። ሁለት ጌታ ያለው ጦር አንድ ነገር የሚወስነው ለሁለቱም ጌቶች የሚስማማ ሐሳብ ሲገኝ ነው፤ እንዲህ ያለ ሐሳብ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከሁሉ የተሻለው ሐሳብ አይደለም፤ ሲገኝም ዘግይቶ ነው።

ፍሬድሪክ ድሉን ለማክበር አልተቀመጠም። ኖቬምበር 13 ከላይፕሲግ ተነሥቶ ኖቬምበር 28 ሲሌዥያ ውስጥ ፓርክቪትዝ ደረሰ። በዚህ መካከል እዚያ ትቶት የነበረው ጦር ተሸንፎ የብሬስላው ከተማ (የዛሬዋ የፖላንድ ቭሮትስዋፍ) በኦስትሪያ እጅ ገብታ ነበር። የተበተነውን አሰባስቦ 35 ሺህ ያህል ሰው ይዞ ዲሴምበር 5 በሎይተን 65 ሺህ ከሚሆን የኦስትሪያ ጦር ፊት ቆመ። የኦስትሪያ ሰልፍ ከስምንት ኪሎ ሜትር የማያንስ ርዝመት ነበረው። ፍሬድሪክ አካባቢውን ከሰላም ጊዜ የጦር ልምምድ ጀምሮ ያውቀዋል። በመጀመሪያ ቦርና በምትባል መንደር በኩል የኦስትሪያን ቀኝ ክንፍ የሚያጠቃ መስሎ ቀረበ፤ የኦስትሪያው አዛዥ የሎሬኑ ልዑል ካርልም ደጀኑን ወደዚያ ላከ። ከዚያ በኋላ የፕሩሺያ ሠራዊት ወደ ቀኝ ታጥፎ ከዝቅተኛ ኮረብታዎች ጀርባ ተሰወረና ወደ ደቡብ ተጓዘ። ኦስትሪያውያን ለአንድ ሰዓት ያህል ጠላታቸውን ሲያጡት ጊዜ ተመልሷል ብለው አመኑ። ቀትር ካለፈ በኋላ ግን መላው የፕሩሺያ ጦር በግራ ክንፋቸው ጫፍ ላይ ብቅ አለ። በዚያ ጫፍ ላይ ያቆሟቸው ደግሞ ከቩርተምበርግና ከባቫሪያ የመጡትን፣ ለጦርነቱ ብዙም ልብ የሌላቸውን ወታደሮች ነበር። እነርሱ ሲፈርሱ የቀረው ሰልፍ ፊቱን ለማዞር እየተሯሯጠ በሎይተን መንደር ዙሪያ ተደራርቦ ተጨናነቀ። ምሽት ሲሆን ኦስትሪያ 22 ሺህ ያህል ሰው አጥታለች፤ ከእነዚህም 12 ሺህ ያህሉ ምርኮኞች ነበሩ። የፕሩሺያ ኪሳራ ከ6 ሺህ ብዙም አልራቀም፤ ይህም ትንሽ አልነበረም።

እንግዲህ በሜዳው ላይ የነበረውን ሒሳብ ተመልከቱ። በአጠቃላይ 35 ለ65 ነበር፤ በዚያ በግራው ጫፍ ላይ ግን ብዙዎቹ ፕሩሺያውያን ነበሩ። ከፍ አድርገን መላውን ጦርነት ብናየውም ያው ነው። ፍሬድሪክ በክብ መካከል የተቀመጠ ሰው ነበር፤ ጠላቶቹ በክቡ ዙሪያ ነበሩ። እርሱ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመድረስ በውስጥ ይሄዳል፤ እነርሱ እርስ በርስ ለመረዳዳት በውጭ መዞር አለባቸው። በኖቬምበር መጀመሪያ ሮስባኽ ላይ የተዋጋው ወታደር በዲሴምበር መጀመሪያ ሎይተን ላይ ተዋጋ፤ አንዱ ሰው ሁለት ጊዜ ተቆጠረ ማለት ነው። ከዚህም ጋር ንጉሡ ራሱ አዝማች፣ ራሱ የግምጃ ቤት ጌታ ነበር። ማንንም ሳይጠይቅ ማታ ወስኖ ጧት ይነሣል። የሩሲያው አዛዥ ግን ከፒተርስበርግ፣ የኦስትሪያው ከቪየና ትእዛዝ ይጠብቃል፤ ፈረሰኛ መልእክተኛ ትእዛዙን ይዞ በሚደርስበት ጊዜ ትእዛዙን ያስጻፈው ሁኔታ ተለውጧል።

ይህ ሁሉ በንጉሡ ብልኅነት ብቻ የተገኘ ቢሆን ኖሮ፣ ብልኅነቱ በከዳው ቀን ሁሉም ነገር ባበቃ ነበር። ያ ቀን ደርሷል። ኦገስት 12 ቀን 1759 በኩነርስዶርፍ የሳልቲኮቭ የሩሲያ ጦርና የላውዶን የኦስትሪያ ጦር አንድ ላይ ሆነው ጠበቁት። ለአንድ ጊዜ ድሩ አበረ። ፍሬድሪክ ከ50 ሺህ ሰው 19 ሺህ ያህል አጣ፤ ከውጊያው ማግሥት በእጁ የቀረው የተደራጀ ኃይል 3 ሺህ ገደማ ነበር። ከእርሱ በታች ያለ ጄኔራል ሊያስቆመው አለመቻሉ፣ ያ የአንድ ራስ ጥቅም የተባለው ነገር፣ በዚያ ቀን ጥፋቱ ሆነ። የጦሩን አመራር ለጄኔራል ፊንክ አስረክቦ ራሱን ስለ ማጥፋት ያስብ ነበር። በርሊን ከዚያ የጥቂት ቀን መንገድ ናት፤ በመካከሉም ሊያስቆማቸው የሚችል ጦር አልነበረም።

አልሄዱም። ሴፕቴምበር 1 ቀን ፍሬድሪክ ለወንድሙ ለልዑል ሃይንሪኽ በጻፈው ደብዳቤ ይህን የራሱን ንጉሣዊ ቤተሰብ ስም ጠርቶ «የብራንደንቡርግ ቤት ተአምር» ብሎታል። ታላቅ ጭንቅ ውስጥ ለነበረ ሰው ተአምር መባሉ ይገባል፤ ለታሪክ ተማሪ ግን አይገባም፤ ምክንያቱ አንድ በአንድ ይታያልና። ሳልቲኮቭ በሦስት ሳምንት ውስጥ ሁለት ውጊያ አካሂዶ ብዙ ሺህ ሰው አጥቶ ነበር፤ የኦስትሪያው ዋና ጦር ከዳውን ጋር በሌላ ቦታ ቆሞ ሳለ የሩሲያ ደም ለምን ብቻውን ይፈሳል የሚል ቅሬታ ነበረው። ስንቁ ከሩቅ፣ ከቪስቱላ ወንዝ ማዶ ነው የሚመጣው። ዳውን በበኩሉ ልዑል ሃይንሪኽ የስንቅ መሥመሩን እንዳይቆርጥበት ይፈራል፤ የሚፈልገውም ሲሌዥያንና ሳክሶኒን እንጂ በርሊንን አልነበረም። ሩሲያ የምትሻውን ምሥራቅ ፕሩሺያን ከ1758 ጀምሮ ይዛዋለች። ፈረንሳይ ከብሪታንያ ጋር በባሕርና በቅኝ ግዛት ጦርነት ተጠምዳ ነበር፤ የፖላንድ ወዳጅ እንደ መሆኗም ሩሲያ ወደ ምዕራብ እንድትጠነክር አትፈልግም። ስዊድን የምትመኘው ፖሜራኒያን ነው። ሁሉም ፍሬድሪክ እንዲዳከም ይፈልጉ ነበር፤ ማንም ግን ሌላው በፍሬድሪክ ቦታ እንዲቆም አይፈልግም ነበር። ብዙ ጥምረቶች የሚሰናከሉት ከሽንፈታቸው ይልቅ በድላቸው ማግሥት ነው የምለው ስለዚህ ነው፤ አደጋው እስካለ ድረስ ፍርሃት ያስተባብራል፤ ድሉ ሲቀርብ እያንዳንዱ የራሱን ድርሻ መቁጠር ይጀምራል።

ሌላም ነገር ነበር። እቴጌ ኤልሳቤጥ ታማሚ ነበረች፤ አልጋ ወራሹ ጴጥሮስ ደግሞ ፍሬድሪክን እንደ ጣዖት የሚያደንቅ ሰው ነበር። የሩሲያ ጄኔራሎች በፍሬድሪክ ላይ የሚያገኙት ድል ነገ በአዲሱ ንጉሥ ዘንድ ወንጀል ሊሆንባቸው እንደሚችል ያውቁ ነበር። ገና በ1757 ድል አድርጎ ሳለ ያፈገፈገው ማርሻል አፕራክሲን ለዚሁ ጥርጣሬ ተዳርጎ ታስሯል።

በ1761 ነገሩ ተደገመ። ፍሬድሪክ በቡንዘልቪትዝ ከ50 ሺህ ጥቂት በሚበልጥ ሰው መሽጎ ሳለ 130 ሺህ ያህል ሩሲያውያንና ኦስትሪያውያን ከበቡት። ላውዶን ማጥቃት ፈለገ፤ የሩሲያው አዛዥ ቡቱርሊን አልፈለገም። ሳምንታት አለፉ፤ እህሉ አለቀ፤ ሩሲያውያን ተመለሱ። አንድም ትልቅ ውጊያ ሳይካሄድ 130 ሺህ ሰው የፈረሰበት ይህ ሰፈር ለእኔ ከሎይተን ይልቅ ትምህርት አለው፤ ዝናው ግን ከሎይተን እጅግ ያነሰ ነው።

ይሁን እንጂ ጥቂቱ ወገን በጠላቶቹ አለመስማማት ብቻ ሊኖር አይችልም። ከ1758 ጀምሮ ብሪታንያ በየዓመቱ 670 ሺህ ፓውንድ ትከፍለው ነበር፤ በምዕራብ በኩል የብራውንሽቫይጉ ፈርዲናንድ በብሪታንያ ገንዘብ የቆመ ጦር ይዞ ፈረንሳውያንን ገትቶለታል። ፍሬድሪክ የብሩን ጥራት እያጓደለ ገንዘብ አሳትሟል፤ ይህም የድሃውን ኪስ በድብቅ መዝረፍ ነበር። በመጨረሻም ኤልሳቤጥ ጃንዋሪ 5 ቀን 1762 ሞተች፤ ጴጥሮስ በሜይ ወር ሰላም አወረደ፤ ስዊድንም በዚያው ወር ተከተለች። ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1763 በሁበርቱስቡርግ ሰላም ሲፈረም ድንበሩ ከጦርነቱ በፊት ወደ ነበረበት ተመለሰ። ሲሌዥያ በፍሬድሪክ እጅ ቀረች። በንጉሡ በራሱ ቆጠራ 180 ሺህ የፕሩሺያ ወታደሮች አልቀዋል፤ ይህም ጦርነቱ ሲጀመር ከነበረው ከመላው ሠራዊቱ ይበልጣል። የጥቂቶችን ድል በምናደንቅበት ጊዜ ይህ ቁጥር ከፊታችን እንዲርቅ አልፈልግም።

የተናገርሁት እውነት መሆኑን የምንፈትነው ጥምረቱ ሳይፈርስ የቀረበትን ጊዜ በማየት ነው። ከ50 ዓመት በኋላ ናፖሊዮን ከፍሬድሪክ ይልቅ ሰፊ አገርና ትልቅ ሠራዊት ነበረው፤ በውጊያ ችሎታውም የሚያንስ አልነበረም። በ1813 በጋ የሩሲያ፣ የፕሩሺያና የስዊድን መሪዎች ትራኸንበርግ ላይ በአንድ ዕቅድ ተስማሙ፤ ኦስትሪያም ተቀበለችው። ዕቅዱ ቀላል ነበር፤ ናፖሊዮን ራሱ ከመጣ አፈግፍጉ፤ ማርሻሎቹ ለብቻቸው ከተገኙ ምቱ። ናፖሊዮን ኦገስት 26 እና 27 በድሬስደን አሸነፈ፤ ነገር ግን በግሮስበረን፣ በካትስባኽ፣ በኩልምና በደነቪትዝ አዛዦቹ ተራ በተራ ተሸነፉ። በኦክቶበር አጋማሽ ላይፕሲግ ላይ ሁሉም በአንድ ሜዳ ተሰበሰቡና ደመሰሱት።

በፌብሩዋሪ 1814፣ ጦርነቱ ፈረንሳይ ውስጥ ገብቶ ሳለ፣ ናፖሊዮን የፍሬድሪክን ሥራ ደገመው። ከ10 እስከ 14 ባሉት ቀናት ውስጥ 30 ሺህ ያህል ሰው ይዞ በፕሩሺያው ማርሻል በብሉኸር የተበታተኑ ክፍሎች መካከል ገባና በሻምፖቤር፣ በሞንሚራይ፣ በሻቶ ቲየሪና በቮሻም አከታትሎ መታቸው። እንደ ውጊያ ብቻ ከታዩ እነዚህ ቀናት ከሮስባኽና ከሎይተን አያንሱም። ናፖሊዮንም እንደ ፍሬድሪክ ጠላቶቹ አሁን እርስ በርስ ይጣላሉ ብሎ ተስፋ አደረገ፤ የቀረበለትንም የሰላም ሐሳብ ገፋው። በእርግጥም በኦስትሪያና በሩሲያ መካከል ጥል ቅርብ ነበር። የብሪታንያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ካስልሬይ ግን ከሰፈር ወደ ሰፈር እየተዘዋወረ አስታረቃቸው፤ በማርች መጀመሪያ ላይም በሾሞን ውል ፈረሙ። እያንዳንዳቸው 150 ሺህ ወታደር ሊያሰልፉ፣ ብሪታንያ በዓመት 5 ሚሊዮን ፓውንድ ልትሰጥ፣ ማንም ለብቻው ሰላም ላያደርግ፣ ይህም ለ20 ዓመት ሊጸና ተማማሉ። በቬርሳይ በ1756 ያልነበረው ይህ ነው።

ማርች 31 ቀን ፓሪስ ስትገባላቸው ከፊት ሆነው በፈረስ የገቡት የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት አሌክሳንደርና የፍሬድሪክ የወንድም ልጅ ልጅ የሆነው የፕሩሺያው ንጉሥ ፍሬድሪክ ቪልሄልም ነበሩ፤ ከእነርሱም ጋር የኦስትሪያን ንጉሠ ነገሥት ወክሎ ልዑል ሽቫርዘንበርግ ይሄድ ነበር።